ለሂት ፓምፕ ራዲያተር ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋት አትመኑ

ሳሎኔ 1,200 ዋት ሙቀት ይፈልጋል ተባልኩ። ሱቅ ሄጄ 1,700 ዋት የሚል ራዲያተር፣ ሙቅ ውሃ ውስጡ እየዞረ ክፍል የሚያሞቀውን የግድግዳ ብረት፣ ገዛሁ። 500 ዋት ትርፍ አለው ብዬ ደግሞ በራሴ ኮራሁ። ብርዱ ሲገባ፣ ጥር ላይ አንድ ማታ ውጭው 3 ዲግሪ ነበር፣ ሳሎኑ 17 ላይ ቆመና ንቅንቅ አልል አለ። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ራዲያተሩን በመዳፏ ዳሰሰችውና «ይሄ ነገር በርቷል?» አለችኝ።

በርቷል። ሂት ፓምፑም፣ ከውጭ ሙቀት ስቦ በኤሌክትሪክ ውሃውን የሚያሞቀው መሣሪያ፣ ደህና ነበር። የተሳሳትኩት ቁጥሩን ሳነብ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው 1,700 ዋት የሚገኘው ራዲያተሩ ውስጥ በአማካይ 70 ዲግሪ የሆነ ውሃ ሲዞር ነው። የእኔ ሂት ፓምፕ የሚልከው 45 ነው። በዚህ ሙቀት ያ ራዲያተር ሳሎኔን 21 ላይ ለማቆየት የሚያዋጣው 570 ዋት ገደማ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጓደኞቼ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ስላየሁ ነው ይሄን የምጽፈው። ምሳሌው ለንደን ካለው ቤቴ ነው። ጀርመንም ስዊድንም ያላችሁ ስሌቱ ያው ነው፤ ራዲያተር አውሮፓ ውስጥ የሚለካው ኢኤን 442 በሚባል አንድ ደረጃ ነው። የሚለየው የውጭው ብርድ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦ ሜትር፣ ሁለት ሦስት ርካሽ የክፍል ቴርሞሜትር፣ ቧንቧ ላይ የሚቆነጠጥ ቴርሞሜትር ሁለት፣ ደብተር። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ገጽ ስጡ። ርዝመት፣ ስፋት፣ ቁመት፣ ስንት ግድግዳ ከውጭ ጋር እንደሚገናኝ፣ የመስኮቱ ልክ፣ አሁን ያለው ራዲያተር ልክ። ራዲያተሩን ከፊትም ከላይም ፎቶ አንሱት። ቫልቮቹንና ወደ ወለሉ የሚገባውን ቧንቧም እንዲሁ።

ቤቱን የምታሽጉ ከሆነ አሁን አሽጉ። ጣራ ስር ያለው ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ የሚይዘው ንጣፍ) እንግሊዝ ውስጥ የሚመከረው 270 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእናንተ 100 ከሆነ መጀመሪያ እሱን ሙሉ። በበርና በመስኮት የሚገባውን ንፋስ ዝጉ። ራዲያተር ከገዛችሁ በኋላ ቤቱን ብታሽጉ ለማያስፈልግ ብረት ከፍላችኋል ማለት ነው።

ተከራይ ከሆናችሁ ወይም ቤቱ የካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ከሆነ ራዲያተሩን የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም። ግን ደረጃ 6 ላይ ያሉትን ጥያቄዎች መጠየቅ ማንም አይከለክላችሁም።

ደረጃ 1፦ የውሃውን ሙቀት ወስኑ

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይሄን ነው። ራዲያተር ከመምረጣችሁ በፊት ሂት ፓምፑ በጣም በሚበርድበት ቀን ስንት ዲግሪ ውሃ እንደሚልክ ቁርጡን እወቁ። 55? 50? 45?

ለምን አስፈለገ? እንግሊዝ ውስጥ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ከጋዝ 4 እጥፍ ገደማ ይወደዳል። ስለዚህ ሂት ፓምፑ ከአንድ የኤሌክትሪክ እጅ ቢያንስ ሦስት ተኩል የሙቀት እጅ ካላወጣ ቢላችሁ ከጋዝ ሊበልጥ ይችላል። ውሃው በሞቀ ቁጥር መሣሪያው ይደክማል። በግምት አንድ ዲግሪ ዝቅ ስትሉ ፍጆታው 2 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከ55 ወደ 45 መውረድ ቀልድ አይደለም።

በእንግሊዝ የግንባታ ደንብ ሙሉ ሥርዓቱ ሲቀየር ወደ ራዲያተር የሚሄደው ውሃ ከ55 ዲግሪ እንዳያልፍ ሆኖ ነው ዲዛይን የሚደረገው። 55 ጣሪያው ነው እንጂ ግቡ አይደለም። እኔ 45ን እመርጣለሁ። 40 የበለጠ ይቆጥባል፣ ግን ራዲያተሮቹ ግድግዳውን ሁሉ ይውጡታል።

ያለ ወጪ የሚሞከር ነገር፦ አሁን ያለው የጋዝ ቦይለራችሁ ኮምቢ (የሙቅ ውሃ ታንክ የማያስፈልገው) ከሆነ፣ ብርድ በጠናበት ሳምንት የማሞቂያውን ውሃ ብቻ ወደ 50 ዝቅ አድርጉት። ቀንና ሌሊት ሳታጠፉ ሁለት ቀን ተዉት። በየክፍሉ ቴርሞሜትር አስቀምጡ፣ ጠዋትና ማታ ጻፉ። በ50 ዲግሪ የሞቀ ክፍል ራዲያተሩ ላይቀየር ይችላል። ያልሞቀው ነው የሚቀየረው።

ተጠንቀቁ፦ የምትነኩት የማሞቂያውን ቁልፍ እንጂ የመታጠቢያውን አይደለም። ቤታችሁ የሙቅ ውሃ ታንክ ካለ ደግሞ ይሄን ሙከራ ተዉት፣ ወይም ባለሙያ ጠይቁ። ታንኩ ውስጥ ያለው ውሃ 60 መድረስ አለበት፣ አለበለዚያ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ይራባበታል።

ደረጃ 2፦ ክፍሉ ስንት ዋት እንደሚያፈስ እወቁ

«ለአንድ ካሬ ሜትር ወለል 100 ዋት» የሚለውን ግምት እርሱት። አንዱ ክፍል ሦስት የውጭ ግድግዳ አለው፣ ሌላው መሀል ነው፤ እንዴት አንድ ይሆናሉ?

ትክክለኛውን ስሌት ክፍል በክፍል ሠርቶ መስጠት ያለበት ገጣሚው፣ ማለትም ሂት ፓምፑን የሚገጥመው ባለሙያ ነው። እናንተ ግን ማጣራት ትችላላችሁ። መንገዱ ይሄ ነው፦ የግድግዳው ካሬ ሜትር፣ ሲባዛ ግድግዳው ሙቀት የሚያሳልፍበት ቁጥር፣ ሲባዛ በውስጥና በውጭ መካከል ያለው የዲግሪ ልዩነት።

ለንደን ውስጥ ለስሌት የሚወሰደው የውጭ ብርድ ከዜሮ በታች 2 ገደማ ነው። ሳሎን 21 ይሁን ካላችሁ ልዩነቱ 23 ነው። ያልተሸፈነ የድሮ ድፍን የጡብ ግድግዳ ቁጥሩ 2 አካባቢ ነው። 10 ካሬ ከሆነ 10 × 2 × 23 = 460 ዋት። ድርብ ሆኖ መሀሉ ላይ ያለው ክፍተት በኢንሱሌሽን የተሞላ ግድግዳ ግን ቁጥሩ 0.6 ገደማ ስለሆነ ያው 10 ካሬ የሚያፈሰው 138 ብቻ ነው። ልዩነቱን አያችሁ? ከዚህ ላይ መስኮት፣ ወለል፣ ጣራና የሚገባው አየር ይደመራል።

ገጣሚው የሰጣችሁ ቁጥር ከእናንተ ትንሽ ቢለይ ችግር የለም። እጥፍ ከሆነ ግን ጠይቁ። ምናልባት ግድግዳችሁ የተሞላ መሆኑን አላየም።

ደረጃ 3፦ የካርቶኑን ዋት ወደ እውነተኛው ቀይሩት

መጀመሪያ አንድ ወጥመድ። እንግሊዝ አገር ብዙ ሱቆች በዋት ሳይሆን ቢቲዩ በሚባል ሌላ የሙቀት መለኪያ ነው የሚጽፉት። 5,800 የሚል ስታዩ ዋት እንዳይመስላችሁ። ለ3.412 አካፍሉት፣ 1,700 ዋት ይሆናል።

ከዚያ ካርቶኑ ላይ የተለካው በራዲያተሩና በክፍሉ መካከል 50 ዲግሪ ልዩነት ኖሮ መሆኑን አረጋግጡ። አንዳንድ ሻጭ በ60 ልዩነት የተለካ ቁጥር ይለጥፋል። ቁጥሩን ለማግዘፍ ነው፤ ለእናንተ አይረባም።

አሁን ይሄን ሠንጠረዥ ያዙ። ክፍሉ 21 ዲግሪ ሆኖ፣ ውሃው ሄዶ ሲመለስ 5 ዲግሪ ቀዝቅዞ ሲመጣ፣ የካርቶኑ ዋት የሚባዛበት ቁጥር፦

- ውሃው 55 ከሆነ፦ 0.55
- 50 ከሆነ፦ 0.44
- 45 ከሆነ፦ 0.33
- 40 ከሆነ፦ 0.24
- 35 ከሆነ፦ 0.15

ወደ ኋላ ስትሠሩት ደግሞ ክፍሉ የሚያፈሰውን ዋት ለዚህ ቁጥር አካፍሉት። የእኔ ሳሎን፦ 1,200 ÷ 0.33 = 3,600 ገደማ። ካርቶኑ ላይ ድምሩ 3,600 ዋት የሚል ነገር ነበር የሚያስፈልገኝ። እኔ 1,700 ይዤ ነው የኮራሁት።

መኝታ ቤት ለየት ይላል። 18 ዲግሪ ስለሚበቃው በ45 ውሃ ማባዣው ወደ 0.4 ከፍ ይላል። መኝታ ቤቴ 600 ዋት ነው የሚያፈሰው፤ 600 ÷ 0.4 = 1,500። ያ ከሳሎን የተነቀለው 1,700 ዋት ራዲያተር አሁን እዚያ ተሰቅሎ በደንብ ይሠራል። ስለዚህ አሮጌውን ከመጣላችሁ በፊት ወደ ሌላ ክፍል ይዛወር እንደሆነ አስሉ።

ደረጃ 4፦ ዓይነቱን ምረጡ

ራዲያተሩን ከላይ ወደ ታች እዩት። የላሜራ ሰሌዳዎቹንና በመሀላቸው ያሉትን የታጠፉ ክንፎች ቁጠሩ። ስሙ የሚወጣው ከዚያ ነው። 600 ሚሊ ሜትር ቁመት፣ 1,000 ርዝመት ላለው የካርቶን ቁጥሩ በግምት እንዲህ ነው፤ እንደ ፋብሪካው ይለያያል።

- ታይፕ 11 (ኬ1)፦ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ረድፍ ክንፍ። 1,000 ዋት ገደማ።
- ታይፕ 21 (ፒ ፕላስ)፦ ሁለት ሰሌዳ፣ አንድ ረድፍ ክንፍ። 1,350 ገደማ።
- ታይፕ 22 (ኬ2)፦ ሁለት ሰሌዳ፣ ሁለት ረድፍ ክንፍ። ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ 1,700 ዋት።
- ታይፕ 33 (ኬ3)፦ ሦስት ሰሌዳ፣ ሦስት ረድፍ። ውፍረቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ 2,400 ዋት።

ቤታችሁ ኬ1 ካለ ቀላሉ መንገድ በዚያው ርዝመትና ቁመት ኬ2 መግዛት ነው። ርዝመቱ አንድ ስለሆነ ቧንቧው ብዙ አይንቀሳቀስም። ብዙ አልኩ እንጂ ጭራሽ አላልኩም። ኬ2 ወፍራም ስለሆነ ቫልቩ ከግድግዳው ይርቃል፣ ቧንቧው ትንሽ መሳብ አለበት። ይሄን ሳያስቡ «ቀጥታ ይገባል» ብለው ገዝተው ወለል ያስነቀሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ኬ3 ጉልበተኛ ነው፣ ግን ወደ ክፍሉ ገባ ብሎ ይቀመጣል። ጠባብ ኮሪደር ላይ በትከሻችሁ ትገጩታላችሁ። ሁለት ኬ2 በሁለት ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉ ሙቀቱም ይሰራጫል። እኔ በመጨረሻ ያደረግኩት ይሄን ነው፤ 1,200 ርዝመት ያላቸው ሁለት ኬ2፣ እያንዳንዳቸው 2,050 ዋት። ድምሩ 4,100። ከሚያስፈልገኝ ትንሽ ይተርፋል፣ በጎ ነው።

ቦታ ጨርሶ ከሌለ ማራገቢያ ያለው ራዲያተር አለ። ትንሽ ሆኖ ብዙ ሙቀት ይሰጣል። ግን ይጮሃል፣ መብራት መስመር ይፈልጋል። መኝታ ቤት አታስገቡት።

ባኞ ቤት ላይ አትሸወዱ። ያ የሚያብረቀርቅ ክሮም የፎጣ መስቀያ ከነጩ ያነሰ ሙቀት ይሰጣል፣ ፎጣ ስትሰቅሉበት ደግሞ የባሰውን ይቀንሳል። ነጩን ግዙ፣ ካልበቃ ትንሽ ኬ2 ጨምሩ።

ደረጃ 5፦ ግድግዳውንና ቧንቧውን መርምሩ

ራዲያተሩ የሚሰቀልበትን ቦታ በወረቀት ማጣበቂያ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። ከዞኮሎው በላይ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከመስኮቱ ደፍ በታችም እንደዚያው ይተው። አየር ከታች ገብቶ ከላይ ካልወጣ ክንፎቹ ለጌጥ ናቸው።

አሁን እውነቱን እንነጋገር። ሶፋው የት ነው? መጋረጃው እስከ ወለል ይወርዳል? ራዲያተር ላይ ነጠላና ጋቢ የሚያሰጣ ሰው ቤት ውስጥ አለ? እኛ ቤት አለ። በ70 ዲግሪ ውሃ ይሄ ሁሉ ይታለፋል፣ በ45 ግን የተሸፈነ ራዲያተር የለም ማለት ነው። የልብስ ማስጫ ሌላ ቦታ ፈልጉለት።

ግድግዳውን በጣታችሁ አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ጂፕሰም ቦርድ ነው። 1,200 ርዝመት ያለው ኬ3 ውሃ ሞልቶ 60 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። በተራ ብሎን ጂፕሰም ላይ አትስቀሉት፤ የውስጡን እንጨት ፈልጋችሁ እሱ ላይ ይታሰር፣ ወይም ወለል ላይ የሚቆም እግር ይግዙለት።

ቀጥሎ ቧንቧው። ሂት ፓምፕ ውሃውን በ5 ዲግሪ ልዩነት ስለሚያዞር ከጋዝ ቦይለር የበለጠ ውሃ መሄድ አለበት። ለአንድ ኪሎዋት በደቂቃ 2.9 ሊትር ገደማ። የቧንቧውን የውጭ ስፋት ለኩ፦

- 15 ሚሊ ሜትር መዳብ፦ እስከ 2.7 ኪሎዋት ገደማ
- 10 ሚሊ ሜትር፦ 1 ኪሎዋት ገደማ
- 8 ሚሊ ሜትር፦ 600 ዋት አካባቢ

ይሄ በዚያ ቧንቧ ላይ ላለው ሁሉ ነው። አንድ 15 ሚሊ ሜትር ሦስት ክፍል የሚመግብ ከሆነ የሦስቱን ድምር አስቡ። 8 ሚሊ ሜትር ቀጭን ቧንቧ ላይ ትልቅ ኬ3 መስቀል በስትሮ ጀሪካን እንደመሙላት ነው። እዚህ ላይ የምትቀይሩት ራዲያተሩን ሳይሆን ቧንቧውን ነው። ይሄን ወለሉ ከመነጠፉ በፊት እወቁት።

ደረጃ 6፦ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ

እንግሊዝና ዌልስ ያላችሁ፣ መንግሥት የሚሰጠው 7,500 ፓውንድ ድጎማ አለ። የሚጠይቅላችሁ ገጣሚው ነው፣ ኤምሲኤስ የሚባለው ምዝገባ ያለው መሆን አለበት። ከዋጋው ላይ ይቀነስላችኋል። የዋጋ ማቅረቢያው ሲመጣ በጽሑፍ ጠይቁ፦

1. ውጭው ስንት ዲግሪ ሲሆን ውሃው ስንት ዲግሪ ሆኖ ነው የታሰበው?
2. ክፍል በክፍል የሚያፈሰው ዋት የተጻፈበት ወረቀት የት አለ?
3. እያንዳንዱ ራዲያተር *በዚያ የውሃ ሙቀት* ስንት ዋት ይሰጣል?

«አይዟችሁ፣ ይሞቃል» መልስ አይደለም። የእኔ ሰውዬ እንደዚያ ብሎኝ ነበር። ራዲያተሩን ራሴ ገዝቼ ስመጣም አንዴ እንኳ ቁጥሩን አላየውም፤ ሰቅሎ ሄደ።

ደረጃ 7፦ የሚገጠም ቀን

ካርቶኑን ሾፌሩ ሳይሄድ ክፈቱ። ጠርዙ የተጨረመተ ከሆነ መልሱት፣ ተሰቅሎ ከቆየ በኋላ ማንም አይቀበላችሁም።

አሮጌው ውሃ ይውጣ፣ ቧንቧው በደንብ ይታጠብ። ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ሲወጣ ታያላችሁ፣ የዛገ ብረት ነው። እሱ ሳይወጣ አዲስ ራዲያተር መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። መመለሻው ላይ ማግኔት ያለው ማጣሪያ መኖሩን፣ ዝገት የሚከላከለው ኬሚካል መጨመሩን በዓይናችሁ እዩ። ራዲያተሩ በውሃ ልክ ተለክቶ ይሰቀል።

ከዚያ ማመጣጠን። እያንዳንዱ ራዲያተር ሁለት ቫልቭ አለው፤ አንዱ ቁጥር ያለበት፣ ሌላው ሎክሺልድ የሚባለው ክዳን ያለው። ቁጥር ያለበትን ሁሉ እስከ መጨረሻ ክፈቱ። በጣም የሞቀውን ክፍል ሎክሺልድ በሩብ ዙር ዝጉ። አንድ ቀን ጠብቁ። እንደገና እዩ። ሂት ፓምፕ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ በየሰዓቱ ብትነካኩት የት እንደነበራችሁ ይጠፋባችኋል።

ነገር ሲበላሽ

«ራዲያተሩ አይፋጅም።» አይፋጅም። ለብ ነው የሚለው። የምታዩት ቴርሞሜትሩን እንጂ መዳፋችሁን አይደለም። ቀኑን ሙሉ ለብ ስለሚል የጤፍ ሊጥ አጠገቡ አስቀምጡ፣ ሲቦካ ታያላችሁ። የቦይለሩ ራዲያተር አንዴ ይጠብሰዋል፣ አንዴ ያቀዘቅዘዋል።

ከላይ ቀዝቃዛ፣ ከታች ሙቅ። አየር ነው። ፓምፑን አጥፉ፣ ጨርቅ ያዙ፣ በራዲያተር ቁልፍ ሩብ ዙር ክፈቱ፣ ውሃ ሲመጣ ዝጉ። ከዚያ ግፊቱን እዩ፤ ከ1 ባር በታች ከወረደ ይሞላ።

ከታች መሀሉ ቀዝቃዛ። ጭቃ ነው። እጥበቱ አልተሠራም። የገጠመውን ሰው መልሳችሁ ጥሩ።

ሌሊት ውርጭ ሲሆን ቤቱ በሙሉ ይቀዘቅዛል። ውጭው ሲበርድ ውሃውን በራሱ የሚያሞቅ ቅንብር አለ፤ በ2 ዲግሪ ከፍ አድርጉትና ሙሉ ቀን ጠብቁ። ፓምፑን እያጠፋችሁ አታብሩ። የቀዘቀዘ ቤት ለማሞቅ ከአቅሙ በላይ ይደክማል።

አንድ ክፍል ብቻ አይሞቅም። መጀመሪያ ቁጥር ያለበትን ቫልቭ ክዳን ንቀሉ፣ ውስጡ ያለችው መርፌ ተጣብቃ እንደሆነ በጣታችሁ ጫኑ፤ ተጭና መመለስ አለባት። እሷ ደህና ከሆነች ሁለቱን ቴርሞሜትሮች በሁለቱ ቧንቧዎች ላይ ቆንጥጡ፣ አንድ ሰዓት ተዉት። መመለሻው ከመሄጃው 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከቀዘቀዘ ውሃው በበቂ አይሄድም፤ ሎክሺልዱን ክፈቱ፣ ካልሆነ ጭቃ ወይም ቀጭን ቧንቧ ነው። ሁለቱ በ4 ወይም በ5 ዲግሪ ብቻ ተለያይተው ክፍሉ አሁንም ከበረደ ግን ውሃው እየሄደ ነው፣ ራዲያተሩ ነው ያነሰው። ደብተራችሁን አውጡና ደረጃ 3ን እንደገና አስሉ። እኔ 1,700ው ላይ ስለካ ልዩነቱ 3 ዲግሪ እንኳ አልሞላም ነበር።